በአንድ ትንፋሽ የተሠራ ቀዬ

ረቂቅ አልወድም። የጻፍኩትን ሁሉ አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ቢያንስ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ፊት እንዲህ እያልኩ ስኩራራ ኖሬአለሁ። ጽሑፉን አሥር ጊዜ የሚያርም ሰው የሚናገረው የሌለው ሰው ነው የሚል መጣጥፍም አሳትሜአለሁ። ያንን መጣጥፍ አራት ጊዜ ማረሜን ለማንም አልነገርኩም። ይህን የማስቀድመው ትሑት ለመምሰል አይደለም፤ ቀጥሎ የማወራው ጥፋት ከየት እንደበቀለ አንባቢ ከጅምሩ እንዲያውቀው ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከእኔ በታች፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል የምትሠራ ጎረቤት አለችኝ፤ ከሁለት ልጆቿና ከአባቷ ጋር ትኖራለች። አባቷ ገበሬ ነበሩ። ያረሱት መሬት ዛሬ ኮዬ ፈጬ በሚባለው የሕንፃ መንደር ሥር ነው፤ የትኛው ብሎክ ሥር እንደሆነ ግን እሳቸውም አያውቁም። አንድ ጊዜ ልጃቸው ሚኒባስ አሳፍራ ወስዳቸው ነበር። ግማሽ ቀን ዞሩና "ምልክቱን ሁሉ ነቅለውታል" ብለው ተመለሱ። ከቀዬው የተረፈ ፎቶግራፍ የለም። ያኔ ፎቶ የሚነሡት ለመታወቂያ ነበር፤ ለመታወቂያ ደግሞ ቤት አይነሣም።

የዓይን ግፊት ቀኝ ዓይናቸውን ካጠፋው ቆይቷል። ግራው በቀጭን ቱቦ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ዓይን ሆኗል። ሐኪሙ ለልጃቸው የነገራት ግልጽ ነው፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤቴ ወደ እኔ ወጣች።

"ጋሼ፣ ልጆቼ ስልካቸው ላይ ምን እንደሚያዩ ያውቃሉ? ዳይኖሰር ለታክሲ ሲጋፋ። በኤአይ የተሠራ ነው አሉኝ። ዳይኖሰር ታክሲ ከተሳፈረ የአባቴ ቤት የማይሠራበት ምን ምክንያት አለ?"

"እሳቸው ጠይቀው ነው?"

"ሳይጨልምብኝ ደጄን አንድ ጊዜ ልየው ነው የሚለው። ሌላ ምንም አይል።"

ወደ እኔ የመጣችው ለጥበቤ አልነበረም። ሳሪስ ውስጥ የማስታወቂያ ቪዲዮ የሚሠራ ትንሽ ቢሮ ያላት የእህት ልጅ ስላለችኝ ነው። እኔ ግን ነገሩን ለእህቴ ልጅ ከመንገሬ በፊት ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ወረድኩ። ስለ ቀዬ መጻፍ የእኔ ሥራ ነው ብዬ አሰብኩ።

ሽማግሌው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ነበር። ቀዬዎ ምን ይመስል ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ከየት ልጀምርልህ?"

"ደስ ካለዎት ቦታ ይጀምሩ፣ አባባ።"

"እንደሱ አይሆንም። ከድንበር ነው የሚጀመረው።"

በደህና ዘመናቸው የድንበር ሽማግሌ ነበሩ። ሁለት ጎረቤታሞች በመሬት ሲጣሉ እሳቸው ይጠራሉ። አሠራሩን ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። የመጀመሪያው የድንበር ድንጋይ ላይ ይቆማሉ። ሁለቱን ባላንጣዎች "እዚህ ላይ ትስማማላችሁ?" ይላሉ። ሁለቱም "አዎ" ሳይሉ እግር አይነሣም። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ድንጋይ ይሄዳሉ፤ እንደገና ይጠይቃሉ። ከጠዋት ጀምረው አራት ድንጋይ ብቻ ተሻግረው የዋሉበት ቀን ነበር።

"አይሰለችም?" አልኳቸው።

"የሰለቸው ሰው ኋላ ሲካሰስ ይኖራል" አሉ።

እናም የገዛ ቀዬአቸውን በዚያው መንገድ ያስጎበኙኝ ጀመር። ከምዕራቡ ድንጋይ ተነሡ። ቀጥሎ የቁልቋሉን አጥር ተከትለው፣ አጥሩ የተቀደደበትን ቦታ፣ የቀደደውን በሬ መልክ፣ በሬው የማን እንደነበር፣ ኩበቱ የሚከመርበትን ጥግና ለምን እዚያ ጥግ እንደተከመረ ነገሩኝ። በየመሐሉ ቆም ይሉና "እዚህ ድረስ ገባህ?" ይሉኛል። አንድ ሰዓት ሆኖን ገና ከበሩ አልደረስንም። ደብተሬ ላይ አራት መስመር ብቻ ነበር።

"አባባ፣ ዋና ዋናውን ይንገሩኝ" አልኩ።

በትሕትና፣ በእውነት ሊያውቁት እንደፈለጉ ሆነው፣ "ዋና ዋናው የቱ ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

ቤቱን፣ ዛፉን፣ ተራራውን አልኳቸው። በአጭሩ ነገሩኝ። ቤቱ የቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ባለቤታቸው ካልሆነ ብለው በሬ ተሽጦ የተከደነ ነው። ነፋሱ ከየረር ተራራ በኩል ስለሚመጣ ጀርባውን ለየረር ሰጥቷል። በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ እንግዳ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይገባል። ደጁ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ስለ ሟች ባለቤታቸው ስጠይቅ ግን እጃቸውን አነሡ። "እሷን ተዋት። እሷ አለችኝ። የጠፋብኝ ቤቱ ነው።"

ግማሽ ገጽ ይዤ ወጣሁ። ዛሬ ሳነበው ግማሹ የእሳቸው ነው፣ ግማሹ የእኔ ቅጽል።

በማግስቱ ሳሪስ አንድ ካፌ ውስጥ ከእህቴ ልጅ ጋር ተገናኘን። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ከእኔ ጽሑፎች ይልቅ የእሷን የሳሙና ማስታወቂያ ያየው ሰው ይበዛል። ነገሩን ስነግራት ማኪያቶዋን ገፋ አድርጋ ወረቀት አወጣች።

"በደረጃ ነው የምንሠራው" አለች። "መጀመሪያ ታሪኩን በትዕይንት እከፋፍለዋለሁ። ለእያንዳንዱ ትዕይንት የማይንቀሳቀስ ሥዕል አወጣለሁ። ሥዕሉን አባባ ያዩታል፣ ያርሙታል። እሳቸው እሺ ያላሉት ሥዕል አይንቀሳቀስም። ከዚያ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ድምፅ፣ መጨረሻ ላይ መገጣጠም።"

"ይሄ ቪዲዮ ነው ወይስ የግንባታ ፈቃድ?"

"ቀልድ፣ ቀልድ።"

"ሌላ መንገድ የለም?"

"አለ። በአንድ ፕሮምፕት።" ፕሮምፕት የሚሉት ለማሽኑ የሚሰጠውን የጽሑፍ ትዕዛዝ ነው። "ሁሉንም አንድ ላይ ጽፈህ ታዘዋለህ፤ ምስሉንም ድምፁንም ጨርሶ ያመጣልሃል። ያልነገርከውን ግን ራሱ ይሞላዋል። ጣሪያው ቢሳሳት ጣሪያውን ብቻ ነጥለህ አታርምም። እንደገና ታዘዋለህ፤ ጣሪያው ተስተካክሎ ሲመጣ በሩ ሌላ ሆኖ ታገኘዋለህ።"

"በደረጃ ሲሆን ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"ሦስት ሳምንት። ሲደክማቸው እያረፍን።"

"ዓይናቸው ሦስት ሳምንት ይቆያል?"

ማኪያቶዋን መልሳ ሳበች። ከተናገርኩት ሁሉ ዛሬ የማላፍረው በዚህ ጥያቄ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ባቆም ደግ ነበር። እኔ ግን ሌላም ጨመርኩ፤ ደረጃ የሚባለው ነገር ሁሉ ፈሪዎች ኃላፊነት የሚከፋፈሉበት ዘዴ እንደሆነ፣ ሕይወት በትዕይንት እንደማይከፋፈል፣ ትዝታ የሚመጣው በአንድ ጊዜ እንደሆነ። ጥሩ ጥሩ ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ።

"እሺ፣ አንድ ሥዕል ብቻ" አለች። "በሩን ብቻ ልሥራና እናሳያቸው።"

"ለሽማግሌ ያላለቀ ነገር አይቀርብም። ለእንግዳ ያልበሰለ ሽሮ በውኃ በጥብጠሽ አቅርበሽ ‘ሲበስል እንዲህ ይሆናል’ ትያለሽ?"

"ወጥ ሲሠራ ይቀመሳል፣ ጋሼ። አንተ ሠርተህ ስለማታውቅ ነው።"

ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። የምትጠቀምበትን ድረ ገጽ ኮምፒውተሬ ላይ ከፈተችልኝና "በል ራስህ እዘዘው" አለች። ከመነሣቷ በፊት አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። "ምንም ብትሠራ መጀመሪያ ሄደህ ድምፃቸውን ቅዳ። ቀኑን ሙሉ ቢያወሩም ቅዳ።"

አልቀዳሁም። የማስታወስ ችሎታዬን አምን ነበር።

ትዕዛዙን በአንድ ጠዋት ጻፍኩት። በአማርኛ ጽፌ፣ ማሽኑ እንግሊዝኛውን ይበልጥ ስለሚረዳ ራሴ ተረጎምኩት። እውነቱን ልናገር፤ ወደድኩት። አንዲት ገጽ ነበረች፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የምትፈስ። "ቆርቆሮ" የሚለው ቃል መሐል ላይ እየገባ አስቸገረኝ፤ ዓረፍተ ነገሩን ያንኳኳዋል። ስለዚህ አወጣሁትና "ፀሐይ ስታርፍበት ወርቅ የሚመስል ጣሪያ" አልኩ። የኩበቱን ክምር ዘለልኩት። የአጥሩን ቀዳዳ ዘለልኩት። መጨረሻው ላይ ደግሞ ገጹ ጎደሎ መሰለኝና አንዲት ሴት ጨመርኩ፦ ነጭ ለብሳ ደጁ ላይ ቆማ የምትጠብቅ። ተዋት የተባልኩትን ሴት።

ማሽኑ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ ሰጠኝ። ወርቅ የሚመስለው ጣሪያ የሳር ክዳን ሆኖ መጣ። ተራራው ከቤቱ ፊት ለፊት ቆሟል፤ የረር ሳይሆን ጫፉ በደመና የተጠቀለለ፣ የማላውቀው ተራራ። የአቃቂን ጥቁር መረሬ አፈር ያወቀ ሰው ዓይቶት የማያውቀው ቀይ አበባ ሜዳውን ሞልቶታል። በሩ ሰፊና ከፍ ያለ ነው። በበሩ ላይ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገተ ሎጋ ሴት ቆማለች። ወፍ ይንጫጫል። ስሕተቶቹን አላየኋቸውም ብል ዋሸሁ። አይቻቸዋለሁ። ግን ያምር ነበር፤ የእኔ ቃላት ሲንቀሳቀሱ ሳይ ደግሞ ይህን ያህል ስሕተት ማንም ሰው ይታገሣል አልኩ።

እሑድ ከሰዓት ጎረቤቴ ቤት ተሰበሰብን። ጎረቤቴ ዘመድ ጠርታለች፤ የምድር ቤቱ ስልጤ ባለሱቅ ለስላሳ ይዞ ወጥቷል። ሽማግሌው ወንበራቸውን ከቴሌቪዥኑ አንድ ክንድ አርቀው፣ ግራ ዓይናቸውን አስጠግተው፣ ቱቦዋን ከጥግ ጥግ እያዘዋወሩ ተመለከቱ። ሲያልቅ ድገሙት አሉ። ተደገመ።

"ተራራው በየት በኩል ነው?" ሲሉ ጠየቁ።

"ከፊት ለፊት ነው፣ አባባ" አልኩ። አላፈርኩም።

"እሺ" አሉ። "ከፊት ይሁን።" ወደ ልጃቸው ዞሩና "ራሱ ነው" አሉ።

ሰው አጨበጨበ። ጎረቤቴ አለቀሰች። ባለሱቁ ለስላሳውን እየከፈተ "አባባ፣ ይሄን የመሰለ አገር ጥለው ነው እኔን ብለው ኮንዶሚኒየም የመጡት?" አላቸው።

"አንተን ብዬ ሳይሆን ስኳርህን ብዬ ነው" አሉት፤ ቤቱ ሳቀ።

"ደራሲው ግን" አለ ባለሱቁ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ኮዬ ላይ እንዲህ ያለ አበባ መቼ ነበር? እኔ እዚያ ሽምብራ ስገዛ አቧራ ነው ያየሁት።"

"ክረምት ላይ ነዋ" አልኩት።

ሽማግሌው ተነሥተው መረቁኝ። እጅህ ይባረክ፣ ብርሃንህ አይጥፋ አሉኝ። ረጅም ምርቃት ነበር፤ አሜን እያልኩ ተቀበልኩ። ለእህቴ ልጅ ደውዬ "ራሱ ነው አሉ" ብዬ ነገርኳት።

"እና ምን እንዲሉ ጠብቀህ ነበር?" አለችኝ። "ሥዕል ብናሳያቸው ኖሮ ‘ይሄ በር ዝቅ ይበል’ ይሉ ነበር። ሰው ተሰብስቦ እያጨበጨበ፣ ልጃቸው እያለቀሰች፣ እንግዳ ለፍቶ ሠርቶ አምጥቶ፣ ሰውዬው ምን ይበሉ?"

ቀናተኛ ነሽ አልኳት።

ሽማግሌው ቪዲዮውን በየቀኑ ያስከፍቱ ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይከፈትላቸዋል፣ አምስቴም ስድስቴም ያዩታል። ከበላያቸው ሆኜ የወፉን ጫጫታ እሰማለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ሦስት ሳምንት አይቆይም ብዬ የተከራከርኩበት ዓይን ደግሞ ቆየ። አንድ ወር አለፈ፤ ሁለተኛውም ሊሞላ ተቃረበ። በእነዚያ ሳምንታት የእህቴ ልጅ ሥራዋን ጨርሳ ማረፍ ትችል ነበር። እሳቸው ግን በዚያ በቀጭኑ ቱቦ ያዩ የነበረው የእኔን ገጽ ነው።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጎረቤቴ ደረጃው ላይ አገኘችኝና ቦርሳዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ቆመች።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች። "ትናንት አባቴ ለልጆቼ ስለ እናቴ ሲያወራ ‘ረጅም ነበረች፣ በሩን ትሞላው ነበር’ አለ። እናቴ እኮ ትከሻው ጋ አትደርስም ነበር። ከመደርደሪያ ሽንኩርት ለማውረድ በርጩማ ላይ ነበር የምትወጣው።"

"ምን አልሻቸው?"

"ምን እላለሁ? ዝም አልኩ።"

ወደ ሥራዋ ሄደች፤ እኔ ወደ ቤቴ ተመልሼ ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። አሁን በአንቺ መንገድ እንሥራው አልኳት። "አሁን?" አለች። በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተሯን ይዛ መጣች።

ያን ቀን ሽማግሌው ከቴሌቪዥኑ ሥዕል ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለዩት። የእህቴ ልጅ እግራቸው ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ከእኔ በተሻለ አወቀችበት፤ ቤቱን አልጠየቀችም።

"አባባ፣ ከድንበር እንጀምር። የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ቆመናል። ወዴት እንሂድ?"

ፊታቸው በራ። እጃቸውን ዘረጉ፤ ሊያሳዩዋት ነው። "ከምዕራቡ ድንጋይ ተነሥተሽ…" አሉና ቆሙ። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። "ከምዕራቡ ድንጋይ ተነሥተሽ አበባው ነው። አበባውን ይዘሽ ትሄጃለሽ።"

"አጥሩስ፣ አባባ?"

"አጥር… አጥር የለውም። ሜዳ ነው። ተራራው ከፊት አለ።"

"ቁልቋል ነበረ ብለው ነበር" አልኩ። "በሬ የቀደደው።"

"የማን በሬ?"

በሬው የማን እንደነበር ነግረውኝ ነበር። መልኩንም ነግረውኝ ነበር። ደብተሬን ገለጥኩት፤ አልጻፍኩትም። ኩበቱ ለምን በዚያ ጥግ እንደተከመረም አልጻፍኩም። በዓለም ላይ ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም፤ ጎረቤቴ ከዚያ ቤት የወጣችው በስምንት ዓመቷ ነው፣ አክስቷ ዘንድ ለመማር።

"አባዬ፣ ቤታችን ቆርቆሮ አልነበረም እንዴ?" አለች ከበር ላይ። "ዝናብ ሲዘንብ አንሰማማም ነበር እኮ። በሬ ሸጠን ነው ያስከደንነው ትለኝ ነበር።"

"ቆርቆሮ?" አሉ። ግንባራቸውን በመዳፋቸው አሹት። "ሳር ነው። አየሁት እኮ።"

ጎረቤቴ ወደ ማድ ቤት ገባች። የእህቴ ልጅ ጥያቄዋን ቀስ እያለች ለሦስተኛ፣ ለአራተኛ ጊዜ ሞከረች፤ ስለ በሩ፣ ስለ ድንጋዩ። የሚመለስላት ሁሉ የእኔ ገጽ ነበር። አንዳንዱን ቃል በቃል።

ወንበሬን ሳብኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ ያሳየሁዎት ቤት የእርስዎ አይደለም። እርስዎ የነገሩኝን ትቼ ከራሴ ነው የጻፍኩት። ማሽኑም ከራሱ ጨመረበት። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ እርስዎ ራስዎ ነግረውኝ ጽፌዋለሁ። የረር ከኋላ ነው። ሴትየዋንም እኔ ነኝ ያመጣኋት።"

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ያውቃሉ?"

"የመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ። ቤቴን አላውቀውም እንዴ? ሰው ተሰብስቧል፣ ልጄ ደስ ብሏታል፣ አንተ እንደ ሙሽራ ቆመሃል። የለፋ ሰው ፊቱ ላይ ‘አይደለም’ አይባልም። ስጋደም የራሴን እመልሰዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ።"

"ተመለሰልዎት?" አለች የእህቴ ልጅ።

"ጥቂት ቀን ይመለስ ነበር። ኋላ የእሱ ቀደመ። የእሱ ደማቅ ነው፤ የእኔ እንዲያ አልነበረም።" ወደ ድምፄ ዞሩ። "አሁን ስትነግረኝ ቆርቆሮ እንደነበር አምንሃለሁ። አይታየኝም እንጂ።"

የእህቴ ልጅ ኮምፒውተሯን ከደነች። አንዴም አላየችኝም። "አባባ፣ ቪዲዮውን ላጥፋው?" አለቻቸው።

"አጥፍተሽው ምን ልይ?" አሉ። ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሱና "ክፈቱልኝ" አሉ።

የቴሌቪዥኑ ሪሞት የነበረው እኔ አጠገብ ነው። ከፈትኩላቸው። ወፉ መንጫጫት ሲጀምር ወንበራቸውን ወደ ድምፁ ሳብ አደረጉ።